«እኛ» የሚለው ማን ነው? የተውላጠ ስም ምርጫና የኩባንያ ፖድካስት ዕድሜ

1. መነሻ

የኩባንያ ፖድካስት ማለት አንድ ድርጅት በራሱ ስምና ወጪ አዘጋጅቶ በበይነ መረብ የሚያሰራጨው ተከታታይ የድምፅ ዝግጅት ነው። ከማስታወቂያ የሚለየው በአድማጩ ፈቃድ ላይ የቆመ በመሆኑ ነው። ማስታወቂያ በሌላ ዝግጅት መካከል ሳይጠራ ይገባል፤ ፖድካስት ግን አድማጩ ፈልጎ ካልከፈተው አይሰማም። ሐሳቡ ከድምፅ ስርጭት በፊትም ነበረ። የእርሻ መሣሪያ አምራቹ ጆን ዲር እ.ኤ.አ. በ1895 የጀመረው «ዘ ፈሮው» የተባለ መጽሔት በዋናነት ስለ እርሻ ሥራ የሚናገር ሲሆን ዛሬም ይታተማል።

እንዲህ ያለ ዝግጅት ለረጅም ጊዜ እንዲዘልቅ በጀት፣ ቋሚ የስርጭት ቀንና ብቁ አቅራቢ እንደሚያስፈልጉ የታወቀ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው ግን ብዙ ጊዜ ሳይታሰብበት በሚታለፍ የቋንቋ ውሳኔ ላይ ነው። ይኸውም ድርጅቱ «እኛ» እና «እናንተ» ሲል ማንን ማለቱ እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን ነው። በአፍሪካ ቀንድ ቋንቋዎች ይህ ውሳኔ ከቋንቋ ቋንቋ የተለየ መልክ ስላለው በትርጉም ብቻ ሊተላለፍ አይችልም።

2. ሁለት ዓይነት ዕቅድ

ጉዳዩን ለማብራራት ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎችን ዝግጅቶች ማነጻጸር ይጠቅማል። ጀነራል ኤሌክትሪክ እ.ኤ.አ. በ2015 «ዘ ሜሴጅ» የተባለ ስምንት ክፍሎች ያሉት ልብ ወለድ የድምፅ ድራማ አቀረበ። ታሪኩ ከህዋ የመጣን መልእክት ለመፍታት ስለሚጥሩ ባለሙያዎች ነው። ድራማው መነሻና መድረሻ ስላለው ታሪኩ ሲያልቅ ዝግጅቱም አብሮ ተፈጽሟል።

ዱኦሊንጎ የተባለው የቋንቋ ማስተማሪያ ኩባንያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 የስፓንኛ ፖድካስቱን ጀመረ። በዚህ ዝግጅት ባለታሪኮች እውነተኛ የሕይወት ታሪካቸውን ቀለል ባለ ስፓንኛ ይተርካሉ፤ አቅራቢዋ ማርቲና ካስትሮ ደግሞ ታሪኩን በእንግሊዝኛ እያያያዘች አድማጩን ትመራለች። የእያንዳንዱ ክፍል የጽሑፍ ግልባጭም ይቀርባል። በየክፍሉ ባለታሪኩና ርእሱ ይለዋወጣሉ፤ ማን በየትኛው ቋንቋ ለማን እንደሚናገር ግን የታወቀ ነው። እንዲህ ያለውን ዝግጅት ቀጣይ የሚያደርገው አንዱ ነገር ይህ የሚና ጽናት ነው።

3. «እኛ» እና ድብቁ ሽግግር

በአማርኛ የአንደኛ መደብ ብዙ ቁጥር አድማጩን መጨመሩን ወይም ማስቀረቱን በቅርጹ አያሳይም። ለምሳሌ ያህል አንድ የባንክ አቅራቢ እንዲህ ቢል፦ «ቁጠባን ባህላችን ልናደርገው ይገባል፤ ለዚህም አዲስ የቁጠባ ሂሳብ አዘጋጅተናል።» «ባህላችን» በሚለው ቃል ውስጥ አድማጩ አለ። «አዘጋጅተናል» በሚለው ውስጥ ግን ያለው ባንኩ ብቻ ነው። ሽግግሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲፈጸም ምንም ምልክት የለውም። ጨዋታው ወደ ሽያጭ የተለወጠውም በዚያች ቅጽበት ነው።

መደበኛው ሶማልኛ ይህን መሸፈኛ አይሰጥም። «ኢናጋ» አድማጩን ያካተተ «እኛ» ሲሆን «አናጋ» አድማጩን ያስቀረ «እኛ» ነው። ልዩነቱ በአገናዛቢ ቅርጾችም ይታያል። ስለዚህ ከላይ ያለው ዓረፍተ ነገር ወደ ሶማልኛ ሲዛወር ተርጓሚው በመጀመሪያው ሐረግ አካታቹን፣ በሁለተኛው አግላዩን መምረጥ ይኖርበታል፤ በአማርኛ የተደበቀው ስንጥቅ በሶማልኛ ይገለጣል። በሁለቱም ስፍራ አካታቹን ቢያደርግ አድማጩን ያልሠራው ሥራ ባለቤት ያደርገዋል። በሁለቱም አግላዩን ቢያደርግ ደግሞ ምክሩ ከውጭ የመጣ ትእዛዝ ይመስላል።

ከዚህ የሚገኘው የአሠራር ምክር ግልጽ ነው። በአማርኛ ዝግጅትም ቢሆን አቅራቢው «እኛ» የሚለውን ለአቅራቢና ለአድማጭ የጋራ ጉዳይ ብቻ ቢያውለው፣ ስለ ድርጅቱ ሥራ ሲናገር ደግሞ የድርጅቱን ስም ጠርቶ በሦስተኛ መደብ ቢናገር ይሻላል። «ባንኩ አዲስ ሂሳብ አዘጋጅቷል» የሚል አቅራቢ ማስታወቂያውን በሰዋስው ለይቶ አቅርቧል። አድማጩም የትኛው ምክር፣ የትኛው ሽያጭ እንደሆነ ያውቃል።

4. አድማጩን መጥራት

ፖድካስት ብዙውን ጊዜ በጆሮ ማዳመጫ ለብቻ የሚሰማ በመሆኑ አቅራቢውን ወደ ነጠላ ቁጥር ይስበዋል። የአማርኛ ነጠላ ቁጥር ግን ጾታን ይጠይቃል። «አድምጥ» ያለ ሴቶችን፣ «አድምጪ» ያለ ወንዶችን ከጨዋታው ያስወጣል። «ያድምጡ» ጾታን ባይለይም ርቀትን ይፈጥራል። «አድምጡ» ሁሉንም ይይዛል፤ የሁለት ሰው ወግ የነበረውን ግን የጉባኤ ንግግር ያደርገዋል። እያንዳንዱ ምርጫ አንድ ነገር ሲሰጥ ሌላውን ይነሣል።

የአማርኛው መፍትሔ በሌሎቹ ቋንቋዎች አይሠራም። ትግርኛ በሁለተኛ መደብ ብዙ ቁጥርም ጾታን ይለያል፤ «ስምዑ» ለወንዶች፣ «ስምዓ» ለሴቶች ነው። በአፋን ኦሮሞ «አቲ» ለወንድም ለሴትም ስለሚሆን ነጠላ ቁጥሩ ማንንም አያገልም። «ኢሲን» ደግሞ ለብዙም ለአክብሮትም ያገለግላል፤ በዚህ ቋንቋ የሚቀረው ምርጫ የቅርበትና የአክብሮት ብቻ ነው።

እንግዶችን መጥራትም ከዚህ አይለይም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሥራ አስኪያጁ «እርስዎ»፣ ደንበኛው «አንተ» ከተባሉ ዝግጅቱ ማንን እንደሚያከብር ለሁሉም ተናግሯል።

5. የድምፅ ደንብና ማኅደር

አቅራቢ ይለወጣል፤ የገበያ ክፍል ኃላፊም ይለወጣል። ምርጫው በአቅራቢው ልማድ ብቻ ከኖረ አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቋንቋ ለየብቻ የተጻፈ፣ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ ደንብ ያስፈልጋል። ደንቡ «እኛ» የሚያመለክተውን፣ የአድማጩንና የእንግዶችን አጠራር፣ የተመረጡ የሙያ ቃላትንና የማስታወቂያውን ስፍራ ይወስናል።

ሁለተኛው ጉዳይ ማኅደር ነው። ብዙዎቹ የፖድካስት መተግበሪያዎች ድምፁን ራሳቸው አያከማቹም፤ የድምፅ ፋይሉ ወዳለበት አገልጋይ ብቻ ይመራሉ። ኩባንያው የማከማቻውን ክፍያ ሲያቆም ለዓመታት የተቀዳው ንግግር ከአድማጭ ይርቃል። ምዝገባውም የራሱ ችግር አለው። የአፕል ፖድካስት መመሪያ የሚጠቅሰው ባለ ሁለት ፊደል የቋንቋ ኮዶችን ነው፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ እንዲህ ያለ ኮድ ሲኖራቸው ሲዳምኛና ወላይትኛ ያላቸው ባለ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። በእነዚህ ቋንቋዎች የሚዘጋጅ ዝግጅት በሌላ ቋንቋ ስም ከተመዘገበ ፈላጊው አያገኘውም፤ ስለዚህ የቋንቋው ስም በርእሱና በመግለጫው በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። የዋናው ቅጂና የጽሑፍ ግልባጩ አንድ ቅጂ፣ በእንግዶች ፈቃድ፣ በዩኒቨርሲቲ ማኅደር ቢቀመጥ ለድርጅቱ መጠባበቂያ፣ ለቋንቋ ጥናት ደግሞ የተፈጥሮ ንግግር ምንጭ ይሆናል።

6. ማጠቃለያ

አድማጭ በየሳምንቱ የሚመለሰው ማን እንደሚያናግረውና እርሱ ማን ተብሎ እንደተጠራ ሲያውቅ ነው። ይህን ዕውቀት ለመስጠት የድምፅ መሣሪያ ጥራት ብቻ አይበቃም፤ የቋንቋውን የመደብ ሥርዓት የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው ክፍል በፊት በዝግጅት ክፍሉ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ አለበት። የቀጠናው የቋንቋ ምሁራን በዚህ ሥራ ድርሻ ሊኖራቸው የሚገባው ድርጅቶቹን ለመጥቀም ብቻ አይደለም፤ በአዲሱ የድምፅ ዘመን የቋንቋዎቻችን የአክብሮትና የቅርበት ደንብ ሳይታሰብበት በትርጉም እንዳይወሰን ጭምር ነው።