ፊዚዮሎጂን በተጣመሩ ዘዴዎች ስለ ማስተማር

ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጠው የፊዚዮሎጂ ትምህርት በምን ዘዴ ይቅረብ የሚለው ጥያቄ፣ በስደት ያለነውንም ሆነ በአገር ቤት ያሉትን መምህራን የሚመለከት ነው። እዚህ በሜልበርን ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮሎጂ እ.ኤ.አ. በ2008 በተጀመረው የባዮሜዲሲን ዲግሪ ውስጥ ዐቢይ ስፍራ አለው። ተማሪው ሕሙማንን ከማየቱ በፊት ስለሚማረው፣ ሊመረምረው የሚችለው ሕያው አካል በአብዛኛው የራሱን ነው።

ገለጻን ጨርሶ የሚነቅፉ ምሁራን አሉ፤ ማስረጃም አላቸው። ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ 225 ጥናቶችን አጠናቅረው እ.ኤ.አ. በ2014 ያሳተሙት ሥራ፣ በሳይንስና በምሕንድስና ገለጻ ብቻ በሚሰጥባቸው ክፍሎች ከመቶ 34 ያህል ተማሪዎች ሲወድቁ፣ ተማሪው በሚሳተፍባቸው ክፍሎች የወደቁት ከመቶ 22 ያህል መሆናቸውን አሳይቷል። በእኔ አስተያየት ግን ይህ የሚኮንነው ገለጻ ብቻውን መቆሙን እንጂ ገለጻን አይደለም።

በከፍታ ቦታ መተንፈስ የሚለውን ርእስ እንውሰድ። በ3,500 ሜትር ላይ የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ በአንድ ሦስተኛ ያህል ያንሳል፤ በደም ውስጥ ኦክሲጅን ሲያንስ ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫል፤ መቅኔም ቀይ የደም ሕዋሳትን ያበዛል። ይህን የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ለማስረዳት ከአንድ ሰዓት ገለጻ የተሻለ መንገድ አላየሁም። ቀጥሎ ተማሪው በቤተ ሙከራ የኦክሲጅን መለኪያውን በጣቱ ላይ አድርጎ ትንፋሹን ይይዛል፤ እሱ እየተጨነቀ ቁጥሩ እምብዛም አለመውረዱን ያያል። (መሣሪያው ተበላሽቷል የሚል አይጠፋም።) በቅድሚያ የሚያስጨንቀው የኦክሲጅን ማነስ ሳይሆን የካርቦን ዳይኦክሳይድ መከማቸት መሆኑን የሚረዳው ያን ጊዜ ነው።

ውይይቱ ከዚህ በኋላ ይመጣል። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በስሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን የኦክሲጅን ሙሌት በአማካይ ከመቶ 95.3፣ ሄሞግሎቢናቸውም በዴሲሊትር ለወንዶች 15.9፣ ለሴቶች 15.0 ግራም ሆኖ ተገኝቷል፤ ይህም በባሕር ወለል ከሚኖረው ሰው እምብዛም አይለይም። የአንዲስ ደጋ ነዋሪዎች ሄሞግሎቢን ግን ከፍ ያለ ነው። ገለጻውን ያልሰማ ተማሪ የዚህ ውጤት እንግዳነት አይታየውም፤ ገለጻውን ብቻ የሰማ ደግሞ ቁጥሩ ተሳስቷል ብሎ ያልፈዋል።

በመቶዎች የሚቆጠሩ ተማሪዎች በአንድ አዳራሽ ለሚያስተምር መምህር ይህ ሁሉ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የልብ ምትንና ትንፋሽን ለመቁጠር ሰዓት ይበቃል፤ ነባሩ ተማሪ ጀማሪውን የሚያስጠናበት፣ ተማሪው ያወጣውን በመምህሩ ፊት አቅርቦ የሚታረምበት የቅኔ ቤት ሥርዓትም ቀድሞ የነበረን ነው። የሚከብደው የፈተናው ጉዳይ ነው። ፈተናው የተሸመደደውን ብቻ ከጠየቀ፣ ተማሪው ከቤተ ሙከራው መቅረቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ከጥያቄዎቹ ቢያንስ አንዱ ተማሪው ከዚህ ቀደም ያላየውን ልኬት ሰጥቶ ምክንያቱን የሚያስጽፈው መሆን ይኖርበታል።