ሊፍቱ ሲከፈት ማን ይቅደም? የአካል ጉዳተኛ ሑጃጆች ሐቅና የእኛ የጉዞ አደብ



በአንድ የዑምራ ጉዟችን መካ ውስጥ ባረፍንበት ሆቴል ያየነው ነገር ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ምክንያት ሆኖናል። የመግሪብ አዛን ሊደርስ ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተውታል። በዊልቸር ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ሊፍት ይጠብቃሉ። ሊፍቱ መጣ፤ በሩ ተከፈተ፤ ከኋላቸው የነበረው ሰው በግራና በቀኝ አልፏቸው ገባና ሞላው። ሁለተኛው መጣ፤ እንደዚያው ሆነ። ሦስተኛውም አልጠበቃቸውም። እናታችን አንድም ቃል አልተናገሩም። ሶላቱ ሲያመልጣቸው ልጃቸው ዊልቸሩን አዙራ ወደ ክፍላቸው መለሰቻቸው። በዚያች ሰዓት ሊበድላቸው ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም። ሁሉም ወደ ሐረም ለመድረስ ቸኩሎ ነበር። ሁለተኛው ሊፍት ውስጥ ከገቡት መካከል እኛም ነበርን።

ለሶላት ስንሮጥ የሌላውን ሶላት ማስመለጣችን የገባን ዘግይቶ ነው። በየዓመቱ ከሀገር ቤትም ከውጭም ለሐጅና ለዑምራ ከሚጓዙ ወገኖቻችን መካከል በዊልቸር የሚሄዱ፣ ክራንች የሚይዙ፣ ማየትና መስማት የተሳናቸው፣ በእድሜ የደከሙ ብዙዎች አሉ። ብዙዎቹ የጉዞውን ገንዘብ ለዓመታት አጠራቅመው ነው የሚመጡት፤ ዳግም የመምጣት እድል የማያገኙም አሉ። ስለዚህ ጉዟቸውን የማቅለልና የማክበድ ነገር በእጃችን ያለ አማና ነው።

ዲኑ ያገራውን እኛ አናክብድ

ሐጅ ግዴታ የሚሆነው በቻለ ሰው ላይ መሆኑን ቁርኣን በሱረቱ ኣሊ ዒምራን ይነግረናል። በሱረቱ ኑርና በሱረቱል ፈትሕም ማየት በተሳነው፣ በአንካሳና በታመመ ሰው ላይ ወቀሳ እንደሌለ ተጠቅሷል። ይሁን እንጂ ይህ ማለት አካል ጉዳተኛ ቤቱ ይቀመጥ ማለት አይደለም። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ የተካሄደውን የመሰናበቻ ሐጅ ያየ ሰው ይህን በግልጽ ይረዳል።

የነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቤት ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ታምመው እንደነበር ሲነግሯቸው፣ ተቀምጠው በእንስሳ ላይ ሆነው ከሰዎቹ በስተኋላ ጠዋፍ እንዲያደርጉ ፈቀዱላቸው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸውም በዚያው ሐጅ በግመል ላይ ሆነው ጠዋፍ አድርገዋል፤ የጥቁሩን ድንጋይ ማዕዘንም በእጃቸው በያዙት በትር ይነኩ ነበር። የሙዝደሊፋ ሌሊት ደግሞ ሰውነታቸው ከባድ የነበረው ሰውዳ (ረ.ዐ) ሕዝቡ ከመጋፋቱ በፊት ቀድመው እንዲሄዱ ተፈቅዶላቸዋል። ኢብኑ ዐባስም (ረ.ዐ) ከቤተሰቡ ደካሞች ጋር ቀድመው ከተላኩት መካከል እንደነበሩ ተናግረዋል። ከኸሥዐም ጎሳ የሆነች ሴት አባቷ በእድሜ ገፍቶ በእንስሳ ላይ ተደላድሎ መቀመጥ እንደማይችል ገልጻ፣ እኔ ሐጅ ላድርግለት ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ አዎን ተብላለች።

እነዚህን ዘገባዎች አንድ ላይ ስናያቸው ትምህርቱ ግልጽ ነው። ደካማው ከሐጁ አልተባረረም፤ መንገዱ ተመቻቸለት። ቀድሞ እንዲወጣ ተደረገ፣ የሚቀመጥበት ተፈቀደለት፣ ፈጽሞ ያልቻለ ደግሞ ወኪል ተፈቀደለት። ስለዚህ ዛሬ በዊልቸር ጠዋፍ የሚያደርግ ሰው «ጎዶሎ» ዒባዳ እየፈጸመ አይደለም። የተሰጠውን ሩኽሳ እየተጠቀመ ነው። ሩኽሳውን ሰጥቶት የነበረውን ዲን እኛ በግፊያና በጥድፊያ ብንነፍገው ግን ተጠያቂነቱ የእኛ ነው።

ከመነሳት በፊት መጠየቅ ያለባቸው

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው መካ ላይ ሳይሆን ገንዘብ ስንከፍል ነው። «ሆቴሉ ለሐረም ቅርብ ነው» የሚለው ቃል ለዊልቸር ተጠቃሚ በቂ አይደለም። መካ በተራሮች መካከል ያለች ከተማ ናት፤ አጭር የሚመስለው መንገድ አቀበትና ቁልቁለት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት እነዚህን እንጠይቅ፦

– ከሆቴሉ እስከ ሐረሙ በር ባለው መንገድ ላይ ደረጃ ወይም ዳገት አለ?
– ሆቴሉ ስንት ሊፍት አለው? በሶላት ሰዓት እንዴት ይጨናነቃል?
– የመታጠቢያ ቤቱ በር ምን ያህል ይሰፋል? አብዛኛው በእጅ የሚገፋ ዊልቸር ከ60 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ስለሚሆን በሩ ከዚያ ከጠበበ ዉዱእ ማድረግ እንኳ ፈተና ይሆናል።
– አውቶቡሱ ላይ የሚወጡት እንዴት ነው? በሸክም ከሆነ የሚሸከመው ማነው?
– ለሐጅ ከሆነ፣ ሚና ላይ ድንኳኑ ከመጸዳጃው ምን ያህል ይርቃል?

ሁለተኛው ዝግጅት የጤና ነው። የሳዑዲ ዐረቢያ መንግሥት ለሐጅ የሚያወጣውን የጤና መስፈርት አስቀድሞ ማወቅና ከሐኪም ጋር መነጋገር ያስፈልጋል። መድኃኒት በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ ከሐኪም ወረቀቱ ጋር ይያዝ። የቡድን መሪው ስልክና የሆቴሉ ስም የተጻፈበት ካርድ አንገት ላይ ወይም እጅ ላይ ይታሰር።

አውሮፕላን ማረፊያ ላይ

አየር መንገዶች የዊልቸር እርዳታ ሲጠየቁ ተጓዡን በሦስት ደረጃ ይለያሉ። አንደኛው ደረጃ መውጣት የሚችል፣ ረጅም መንገድ መራመድ ግን የማይችል ነው። ሁለተኛው ደረጃ መውጣት የማይችል፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ግን እስከ መቀመጫው መራመድ የሚችል ነው። ሦስተኛው ፈጽሞ መራመድ የማይችልና እስከ መቀመጫው ድረስ እርዳታ የሚፈልግ ነው። «ዊልቸር እንፈልጋለን» ብቻ ብለን ካለፍን ሦስተኛውን የሚፈልግ ሰው ለአንደኛው የተዘጋጀ እርዳታ ሊጠብቀው ይችላል። በግልጽ እንናገር፤ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት እናስመዝግብ። ከአውሮፓ ለሚነሱ ወገኖቻችን ይህ ነፃ እርዳታ በኅብረቱ ሕግ የተረጋገጠ መብት ነው።

የራሱን ዊልቸር ይዞ የሚሄድ ሰው እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ በእሱ እንዲጠቀም መጠየቅ ይችላል። በባትሪ የሚሠራ ከሆነ ግን የባትሪውን ዓይነት አስቀድሞ ለአየር መንገዱ ማሳወቅ ግድ ነው። ከመነሳት በፊት የዊልቸሩን ፎቶ ማንሳትም አይከፋም፤ ተሰብሮ ቢመጣ ማስረጃ ይሆናል።

በሐረም ውስጥ

ሰባቱ የሰዕይ ጉዞዎች ሲደመሩ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይጠጋሉ። በጠዋፍ ደግሞ ከካዕባ በራቅን ቁጥር፣ በላይኛዎቹ ፎቆች ላይም፣ ዙሩ እየረዘመ ይሄዳል። ለጤነኛ እግር እንኳ ቀላል አይደለም። ለዚህም በሰፋና በመርዋ መካከል በመሐል በኩል ለዊልቸር የተለየ መተላለፊያ አለ። በላይኛው ክፍል በክፍያ የሚሠሩ የኤሌክትሪክ ጋሪዎች፣ እንዲሁም ዊልቸር የሚገፉ ሠራተኞች አሉ። ገፊ የምንቀጥር ከሆነ መለያ ልብስ የለበሰ ሕጋዊ ሠራተኛ መሆኑን እናረጋግጥ፤ ዋጋውንም ከመጀመራችን በፊት እንስማማ።

እዚህ ላይ ጤነኞች ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ለዊልቸር የተለየውን መንገድ ሰው ስላነሰበት ብለን አንግባበት። እኛ የገባንበት ትንሽ ክፍት ቦታ ለዊልቸሩ ብቸኛው መንገድ ነው። የሚገፉትም በተራቸው አላህን ይፍሩ፤ የዊልቸር የእግር ማሳረፊያ ብረት ከፊት የሚሄደውን ሰው ተረከዝ ያቆስላል። መሽቀዳደም ለተቀመጠውም ለሚራመደውም አደጋ ነው።

እናቱን ወይም አባቱን እየገፋ ጠዋፍ የሚያደርግ ሰው ለራሱም ነይቶ ከሆነ ለሁለቱም እንደሚቆጠር ብዙ ዑለማዎች ይናገራሉ። ጠጠር መወርወር የማይችል ሰውም ሌላውን መወከል ይችላል። በእነዚህ ላይ ዝርዝር ሁኔታዎች ስላሉ እያንዳንዱ ሰው ከመነሳቱ በፊት የሚያምነውን ኡስታዝ ይጠይቅ።

ስንረዳ እንዴት እንርዳ?

መርዳት ፈልገን የምናስቸግርበት ጊዜ ብዙ ነው። የመጀመሪያው አደብ መጠየቅ ነው። «ልርዳዎት? እንዴት ልያዝዎት?» ብለን መልሱን እንጠብቅ። «አልፈልግም፣ ጀዛከላህ» ካሉን ቅር ሳይለን እንለፍ።

ዊልቸር የሰውየው አካል ያህል ነው። ሳይፈቅድ አንግፋው፣ አንደገፈው፣ ቦርሳችንንም አንስቀልበት። ስናወራ ከሚገፋው ሰው ጋር ሳይሆን ከተቀመጠው ጋር እናውራ። «እሳቸው ምን ይበላሉ?» ብሎ ልጅን መጠየቅ ለዓመታት ቤት ያስተዳደሩን እናት እንደ ሕፃን ማየት ነው።

ማየት የተሳነውን ሰው እጁን ይዘን አንጎትተው። ክንዳችንን እንስጠው፤ እሱ ይዞ ይከተለናል። ጠዋፍ ላይ ካዕባ ሁልጊዜ በግራ በኩል ስለሆነ በቀኙ ሆነን ከግፊያ ልንከላከለው እንችላለን። ስንተኛው ዙር እንደሆነ፣ ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ትይዩ መቼ እንደደረስን እንንገረው። ካዕባ መጀመሪያ ሲታይ ሁላችንም ቆመን ዱዓ እናደርጋለን፤ ማየት የተሳነው ወንድማችንም ያቺን ቅጽበት ማወቅ ይፈልጋል። «አሁን ካዕባ ከፊት ለፊታችን ነው» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር አትክበደን።

መስማት የተሳናቸውን ደግሞ የሚጎዳቸው ማስታወቂያ በአፍ ብቻ መነገሩ ነው። አውቶቡሱ የሚነሳበት ሰዓት ሲቀየር በቴሌግራም ወይም በወረቀት ይጻፍላቸው። አለበለዚያ ሁሉም ሄዶ እነሱ ሎቢ ውስጥ ይቀራሉ።

የማይታይ ጉዳት ያለባቸውም አሉ፤ የልብ፣ የስኳር፣ የኩላሊት ሕመም ወይም የመርሳት ችግር። «አንተ እኮ ደህና ትመስላለህ፣ ለምን ጋሪ ትጠቀማለህ?» ብለን አንመርምር። የሰውን ገመና ማስወጣት የእኛ ድርሻ አይደለም።

ለቡድን መሪዎች

ቡድኑ የሚጓዘው በጠንካራው ፍጥነት ከሆነ ደካማው ሁልጊዜ ይቀራል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኢማም የሆነ ሰው ከኋላው ደካማ፣ ታማሚና አዛውንት ስላሉ ሶላቱን እንዲያቀል አዘዋል። ሶላት ላይ ይህ ከታዘዘ ጉዞ ላይማ እንዴት ይረሳል?

ስለዚህ መሪዎች ከመነሻው ለእያንዳንዱ እርዳታ ፈላጊ በስም የተመደበ አጋዥ ያዘጋጁ። «ሁላችንም እንረዳቸዋለን» የተባለ ሰው ማንም ሳይረዳው ሊቀር ይችላል። ጠዋፍና ሰዕይን ሕዝብ በሚቀንስበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ሌሊት ላይ፣ ያቅዱላቸው። ወደ ሶላት ሲኬድ ከሌላው 30 ደቂቃ ቀድመው እንዲወርዱ ያድርጉ። የሙዝደሊፋው ሩኽሳ መንፈስ ይኸው ነው፤ ደካማው ከግፊያው ይቅደም።

ከጉዞው ስንመለስ

መካ ላይ የተማርነውን መካ ላይ ትተነው እንዳንመጣ። አብዱላህ ኢብኑ ኡሙ መክቱም (ረ.ዐ) ማየት የተሳናቸው ሶሐባ ነበሩ። ሱረቱ ዐበሰ የወረደው በእሳቸው ምክንያት ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመስጂዳቸው ሙአዚን አደረጓቸው፤ ለዘመቻ ሲወጡም ከአንድ ጊዜ በላይ በመዲና ተክተዋቸው ሄደዋል። ዛሬ እሳቸው ወደ ሰፈራችን መስጂድ ቢመጡ ያለ እንቅፋት ይገቡ ነበር? በዊልቸር የሚሄድ ወንድማችንስ ዉዱእ ማድረጊያው ጋር ይደርሳል?

በሀገራችን የሕንፃ አዋጅ ለሕዝብ አገልግሎት የሚውሉ ሕንፃዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ ያዝዛል። ኢትዮጵያም የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2010 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። ነገር ግን መስጂድ ስንሠራ የሚያንቀሳቅሰን ሕጉ ብቻ መሆን የለበትም። መግቢያው ላይ አንድ የሲሚንቶ መወጣጫ፣ ዉዱእ ቦታው ላይ አንድ መቀመጫና መደገፊያ ብረት፣ ሶፉ ጫፍ ላይ ለዊልቸር የሚሆን ክፍት ቦታ ከብዙ ጌጥ ይልቅ ዋጋቸው ቀላል፣ አጅራቸውም ኢንሻአላህ ትልቅ ነው።

በማግስቱ በዚያው ሆቴል ከሱብሒ በፊት ወደ ሊፍቱ ስንደርስ እናታችን ከልጃቸው ጋር ቀድመው ቆመው ነበር። አንድ ወንድም በሩን በእጁ ያዘና ሁላችንንም ወደኋላ አስቆመን። እሳቸውና ልጃቸው ገቡ፤ ከዚያ ቦታ የቀረለት ገባ። እኛ በቀጣዩ ወረድን። የዘገየነው ሁለት ደቂቃ ያህል ነበር፤ ሶላቱም አላመለጠንም።

አላህ ሐጃችንንም ዑምራችንንም ይቀበለን፤ ደካሞቻችንን የምናስቀድም ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።