በአትላንታ በጋራ የተገዛ ቤት፦ ሽርክናው ሲፈርስ ቤቱ የማን ነው?

ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ወጣ ብለን ስለ ቤት እናወራለን። እዚህ አትላንታ፣ ክላርክስተን ይሁን ስቶን ማውንቴን፣ ጓደኛሞች ወይም እህትና ወንድም አዋጥተው ቤት ይገዛሉ። የአንዱ ክሬዲት ጥሩ ነው፣ ሌላው ጥሬ ገንዘብ አለው። ስለሚተማመኑ ውል አይጻፍም። ጠቡ የሚመጣው አንዱ ሲያገባ፣ አገር ቤት ልግባ ሲል ወይም ሲሞት ነው።

ሁለት ወረቀቶችን እንለይ። ዲድ የሚባለው ሰነድ ባለቤቱን ይናገራል፤ የሞርጌጁ ውል ደግሞ ባለዕዳውን። ወንድም ገንዘቡን ከፍሎ ዲዱ በእህቱ ስም ብቻ ከወጣ፣ የጆርጂያ ሕግ መጀመሪያ የሚገምተው ስጦታ ነው ብሎ ነው! ስጦታ እንዳልነበረ በጠንካራ ማስረጃ ማስረዳት የወንድም ሸክም ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ ክዊትክሌም ፈርሞ ድርሻውን የለቀቀ ሰው ከዕዳው አልወጣም። ጓደኛው መክፈል ካቆመ ባንኩ እሱንም ይጠይቃል።

ወደ ሞቱ እንምጣ። ሁለት ስም ዲዱ ላይ ስላለ ብቻ በሕይወት የቀረው ቤቱን አይጠቀልልም። «በሕይወት ለቀረው ይተላለፋል» የሚል ግልጽ ቃል ከሌለ የሟች ድርሻ ለወራሾቹ ነው። ሟች ያለ ኑዛዜ፣ ያለ ትዳርና ያለ ልጅ ከሞተ ወራሾቹ ወላጆቹ ናቸው። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ያሉ እናት የስቶን ማውንቴን ቤት ግማሽ ባለቤት ሊሆኑ ይችላሉ። ያለ እሳቸው ፊርማ ወይም ያለ ፍርድ ቤት ቤቱ በሙሉ አይሸጥም።

«አልሸጥም» ብሎ መቀመጥስ? በመካከላቸው ሌላ ስምምነት ከሌለ አንዱ ባለ ድርሻ ቤቱ ባለበት ካውንቲ ሱፒሪየር ኮርት የክፍፍል አቤቱታ ማቅረብ ይችላል። (የኛው የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግም ባለ ድርሻው ክፍፍል እንዲጠይቅ ይፈቅዳል።) ቤት እንደ ዳቦ አይቆረስምና መጨረሻው ብዙ ጊዜ ሽያጭ ነው። በሒሳቡ ላይ ታክሱን፣ ሞርጌጁን፣ የጣሪያውን ጥገና ማን እንደከፈለ ክርክር ይነሳል፤ ደረሰኝ የያዘ ይጠቀማል። ድርሻው እንደ እኚያ እናት ከዘመድ በውርስ የመጣ ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የጆርጂያ ሕግ ሽያጩን ላልጠየቀው ባለ ድርሻ የሌላውን ድርሻ ፍርድ ቤቱ በወሰነው ዋጋ የመግዛት ዕድል ይሰጠዋል።

ዲድ የሚመዘገበው በዚያው በሱፒሪየር ኮርት መዝገብ ቤት ነው፤ ማንም ሰው ማየት ይችላል። ስምዎ መኖሩንና ከስምዎ ቀጥሎ ምን እንደተጻፈ ዛሬውኑ ይመልከቱ።