የስም ስጦታዎችን ከግራቪሊያ፣ ከወይራና ከቡና እንጨት ስለ መሥራት

የቡና ጥላ ዛፍ ሲመለመል፣ ያረጀ ቡና ሲጎነደል ወይም ነፋስ የጣለው ዛፍ ሲነሣ የሚገኘው እንጨት በአብዛኛው ወደ ምድጃ ይገባል። ማገዶም ስለሚያስፈልግ ይህን አንነቅፍም። ይሁን እንጂ ከዚሁ ክምር ውስጥ ቀጥ ያሉት ጉማጆች ተመርጠው ቢደርቁና በቀጭኑ ቢሠነጠቁ የሰው ስም የተቀረጸባቸው የጠረጴዛ ጌጦች፣ የቁልፍ መያዣዎችና የግድግዳ ማንጠልጠያዎች ይሆናሉ። ለምረቃ፣ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ እንዲሁም ከውጭ አገር መጥቶ ለሚመለስ ዘመድ መታሰቢያ የሚሆን የስም ስጦታ በከተሞች ገዢ አለው።

እኛ የሰብል ባለሙያዎች እንጂ አናጢዎች አይደለንም፤ ወደዚህ ጉዳይ ያስገባን የጥላ ዛፍ ነው። በአንድ ቡና አብቃይ ወረዳ የሚገኝ የኅብረት ሥራ ማኅበር ወጣት አባላት ከምልመላ የሚወጣውን የግራቪሊያ እንጨት ምን እናድርገው ብለው ጠየቁን። የስም ጌጥ ሥሩበት ብለን መከርን፤ እነርሱም መጋዝ ገዙ፤ ብዙም ሳይቆይ የምረቃ ትእዛዝ አገኙ። ጌጦቹ ከተረከቡ በኋላ ግን ገሚሶቹ ያህል ጎበጡ፤ ከቀሩትም ውስጥ የፊደሎቻቸው እግር እየተቀነጠሰ የተመለሱ ነበሩ። ማኅበሩ የተቀበለውን ገንዘብ መለሰ። እንጨቱ ከተቆረጠ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ስለ ማድረቅ አንድ ቃል ሳንናገር መምከራችን የእኛ ጥፋት ስለሆነ በዚህ ጽሑፍ በመጋዙ ላይ ከምናጠፋው ጊዜ ይልቅ በእንጨቱና በፊደሉ ላይ የምናጠፋው ይበልጣል።

ስለ እንጨቱ ምርጫ

በሌሎች አገሮች ይህን ሥራ የሚሠሩ ሰዎች ከሩቅ የሚመጣ ጠንካራ እንጨት ይወዳሉ። የምዕራብ አፍሪካውን ቀይ ፓዱክና የደቡብ አሜሪካውን ሐምራዊ እንጨት በትንንሽ ቁራጭ በውድ ዋጋ ይገዛሉ። ለእነርሱ የሩቅ አገር እንጨት የእኛ ወይራና ዋንዛ ነው። ለእኛ ደግሞ በየቡናው ማሳ ዳር የቆመው ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ የመጣ እንግዳ ነው። ስለዚህ ማኅበራት ብርቅ እንጨት ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋቸውም።

ግራቪሊያን በመጀመሪያ ደረጃ እንመክራለን። ቶሎ ያድጋል፤ ገበሬው ራሱ የተከለው በመሆኑ ቢቆረጥም በምትኩ ይተከላል፤ በመጋዝም በቀላሉ ይበላል። ትልቁ ውበቱ የሚታየው ግን ግንዱ ከልቡ ወደ ቅርፊቱ አቅጣጫ ሲሠነጠቅ ነው። ያን ጊዜ በጣውላው ገጽ ላይ እንደ ጥልፍ ያለ አብረቅራቂ ነጠብጣብ ይወጣል። በዘፈቀደ የተሠነጠቀ ግራቪሊያ ይህ መልክ አይኖረውም፤ ስለዚህ ሠንጣቂውን አስቀድሞ መንገር ነው። አንድ ጉዳት አለው፤ ዱቄቱና ጭማቂው በአንዳንድ ሰዎች ቆዳ ላይ የሚያሳክክ ሽፍታ ያስከትላል። እጅጌን ሸፍኖ፣ አፍና አፍንጫን አስሮ መሥራት፣ ሲጨርሱም በሳሙና መታጠብ ያስፈልጋል። ሽፍታ የወጣበት አባል ወደ ሌላ እንጨት ይዛወር።

ወይራ ከሁሉም ከባዱ ነው። ጥቁርና ቡና ዓይነት መስመሮቹ ያለ ቀለም ያምራሉ፤ ሲወለወል እንደ ድንጋይ ይለሰልሳል፤ ምላጭ ግን በቶሎ ያደነዝዛል። ለዚህ ሥራ ቁመናው ያለን ወይራ መቁረጥ ከቶ አያስፈልግም። የወደቀ ቅርንጫፍና የደረቀ ጉቶ ለብዙ መቶ የቁልፍ መያዣ ይበቃል።

ዋንዛ የወይራን ግማሽ ያህል ብቻ ስለሚመዝን ለመቁረጥ ቀላል ነው፤ ወርቃማ ቡናማ መልኩንም ገዢ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን በስም ጠቅሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ በ1999 ዓ.ም. እና በ2010 ዓ.ም. ሌሎች የደን አዋጆች ወጥተዋል፤ ክልሎችም የየራሳቸው ደንብ አላቸው። ስለሆነም የልማት ሠራተኛው የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ሳይጠይቅ ዋንዛ ቁረጡ ብሎ አይምከር። ከቤት ዕቃ ሠሪዎች ዘንድ የሚጣለውን የዋንዛ ቁርጥራጭ መሰብሰብ ይሻላል፤ ብዙውን ጊዜም ደርቆ የቆየ ነው። ጥቁር እንጨትን በሚመለከት፣ ዛፉ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ንግዱ ላይ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ዝርያዎች አንዱ ስለሆነ፣ ወደ ውጭ ለሚሄድ ስጦታ አትጠቀሙበት፤ ያለ ፈቃድ ቢገኝ ሊወረስ ይችላል።

በአጼ ምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ በሁሉም ቦታ ቢገኝም ወጣቱ ግንድ ሲደርቅ ይሠነጠቃል፤ ይጣመማልም። ለፊደል ሥራ አንመርጠውም።

የቡና እንጨት ግን ከታሰበው በላይ ጠቃሚ ሆኖ ይገኛል። መልኩ ፈዛዛ ቢጫ፣ ሥሪቱ ደቃቅና ጠንካራ ነው። ያረጀ ቡና ከመሬት ከ30 እስከ 40 ሣ.ሜ. ከፍታ ላይ በሰያፍ ሲጎነደል ከላይ የሚወድቀው ግንድ ቀጭን ስለሆነ ለቁልፍ መያዣና ለነጠላ ፊደል እንጂ ለሰፊ ጌጥ አይሆንም። ከቡና ማሳ የመጣ መሆኑን መናገሩ ራሱ ገዢን ይስባል። ሆኖም በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። ቡናን አጠውልጎ በሚያደርቀው የሻጋታ በሽታ የሞተ ዛፍ እንጨት ከማሳው ፈጽሞ መውጣት የለበትም። በግንዱ ግርጌ ቅርፊቱን ፋቅ ሲያደርጉት ከሥሩ ሰማያዊ ጥቁር ቀለም ከታየ ዛፉ በቆመበት ተነቅሎ እዚያው ይቃጠል። እንዲህ ያለውን ግንድ ለጌጥ ብሎ ተሸክሞ በጤናማ ማሳዎች መካከል ማለፍ በሽታውን ተሸክሞ መዞር ማለት ነው። የልማት ሠራተኞች ግንዱ ወደ ሥራ ቤት ከመግባቱ በፊት አንድ በአንድ እንዲያዩት አደራ እንላለን።

ስለ ማድረቅ

ግንዱ በተቆረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ሁለቱን ጫፎች በቀለም ወይም በሰም መቀባት ይገባል፤ ውኃው ከጫፍ በኩል ቶሎ ሲወጣ ነው የሚሠነጠቀው። ከዚያም ቅርፊቱ ተልጦ፣ ግንዱ 2.5 ሣ.ሜ. ያህል ውፍረት ባላቸው ጣውላዎች ተሠንጥቆ፣ በየመካከሉ እኩል ውፍረት ያላቸው እርብራቦች ገብተውበት ይደረደራል። እርብራቦቹ ከ40 እስከ 60 ሣ.ሜ. ተራርቀው ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ይዋሉ። ክምሩ ከመሬት ቢያንስ 40 ሣ.ሜ. ከፍ ብሎ በጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት ቦታ ይሁን፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ እንጨት ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ ይቀራል። ምስጥ እንዳይወጣ እግሮቹን መመልከት ነው። ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ነቀዝ ስለሚወደው በመጨረሻው ሥራ ላይ ባይገባ ይመረጣል።

መድረቁ በምን ይታወቃል? ብዙዎች በጣት አንኳኩተው በድምፁ ይፈርዳሉ፤ እኛ ሚዛንን እናምናለን። ከክምሩ መካከል አንዲት ቁራጭ ምልክት ተደርጎባት በየሳምንቱ ትመዘን፤ ክብደቷም ይጻፍ። ለአራት ተከታታይ ሳምንታት ክብደቷ ካልቀነሰ እንጨቱ ከአካባቢው አየር ጋር ተስማምቷል ማለት ነው። በአቅራቢያ የአፈር ላቦራቶሪ ካለ ትንሽ ናሙና በ103 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ክብደቷ መቀነሱን እስኪያቆም ደርቃ ትመዘን። ለምሳሌ ከመድረቋ በፊት 56 ግራም የነበረች ናሙና 50 ግራም ብትሆን፣ የጠፋው 6 ግራም ለ50 ሲካፈል እርጥበቱ 12 በመቶ ነው፤ ይህ ለጌጥ ሥራ ይስማማል። በአየር ለደረቀ ጣውላ ለእያንዳንዱ 2.5 ሣ.ሜ. ውፍረት አንድ ዓመት ያህል መጠበቅ የቆየ የአናጢዎች ልማድ ነው። ወጣቶቹ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ፤ ነገር ግን ዘንድሮ የሚከመረው ለከርሞ ትእዛዝ ሲሆን፣ የዘንድሮው ትእዛዝ ከአናጢ ቤት በሚሰበሰበው ደረቅ ቁርጥራጭ ሊሠራ ይችላል።

የፊደል እግር

በገበያ የሚገኙት የስም ሥራ ንድፎች በአብዛኛው የተዘጋጁት ለላቲን ፊደል ነው። የእነርሱ የእጅ ጽሑፍ ፊደሎች ስለሚያያዙ ስሙ እንደ አንድ ገመድ ይወጣል። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፤ አብዛኛውም በእግሩ ይቆማል። ለ፣ ሰ፣ በ፣ አ በሁለት፣ ሐና ጠ በሦስት፣ ቀ፣ ተ፣ የ በአንድ እግር ናቸው። በራብዕ ግን፣ ላ፣ ሳ፣ ባ እንደሚባሉት፣ አንደኛው እግር ስለሚያጥር ሸክሙ ሁሉ በሌላው ላይ ይወድቃል።

የተመለሱትን ጌጦች በጠረጴዛ ላይ ደርድረን ስንመለከት ስብራቱ ሁሉ እግር ላይ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ሆነልን። ስም ወደ ጎን ስለሚረዝም ሠራተኛው ጣውላውን ወደ ጎን አጋድሞ ይስልበታል። የእንጨቱ ጭረት በጣውላው ርዝመት ስለሚሄድ የፊደሉን እግር አቋርጦ ያልፋል። እንጨት ደግሞ በጭረቱ አቅጣጫ ይጠነክራል፤ ጭረቱን አቋርጦ የተቆረጠ ቀጭን ዘንግ በጣት ይሰበራል። ማገዶ የፈለጠ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ እኛ ግን ፊደል ሆኖ ሲመጣ ረሳነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። አንደኛው፣ እያንዳንዱን ፊደል ጭረቱ ከላይ ወደ ታች እንዲወርድ አድርጎ ለየብቻ መቁረጥና ጭረቱ ወደ ጎን በሚሄድ መቆሚያ ላይ በኮላ ማጣበቅ ነው። በዚህ መንገድ ግራቪሊያውን ለመቆሚያ፣ ወይራውን ወይም ቡናውን ለፊደል በማድረግ ሁለት መልክ ማውጣትም ይቻላል። ሁለተኛው፣ ስሙ ከአንድ ቁራጭ እንዲወጣ ከተፈለገ 3 ሚ.ሜ. ውፍረት ያላቸውን ሦስት ስስ ጣውላዎች ጭረታቸውን እያቋረጡ አጣብቆ ከዚያ መቁረጥ ነው። በሁለቱም ቢሆን በ10 ሚ.ሜ. ውፍረት ላይ እግሩ ከ4 ሚ.ሜ. እንዳይቀጥን እንመክራለን።

ሌላው ነገር የፊደሉ ዓይን ነው። መ፣ ወ፣ ዐ፣ ቀ፣ ፀ በውስጣቸው የተዘጋ ክፍት ቦታ አላቸው። በኃምስም እንደ ሌ፣ ሴ፣ ቤ ያሉት ትንሽ ቀለበት አላቸው። ፊደሉ ጎልቶ የሚወጣ ከሆነ በየዓይኑ ምላጭ የሚያስገባ ቀዳዳ በመሰርሰሪያ ይበሳል፤ የውስጡ ሁሉ አስቀድሞ ተቆርጦ ካለቀ በኋላ ነው የውጭው ዙሪያ የሚቆረጠው። ተገላቢጦሽ ከተሠራ እጅ የሚይዘው ነገር አይቀርም። ስሙ በጣውላው ላይ እንደ ቀዳዳ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ዓይኑ ከነመካከሉ ወድቆ ይጠፋል፤ ስለዚህ 3 ሚ.ሜ. ያህል ድልድይ መተው ያስፈልጋል።

ትእዛዝ ሲቀበሉ ስሙን ደንበኛው በገዛ እጁ ይጻፍ። ሠናይትና ሰናይት፣ ፀሐይና ጸሐይ፣ ኃይሉና ኀይሉ በጆሮ አንድ ናቸው። በእንጨት ላይ የወጣ ሰ ግን ወደ ሠ አይመለስም፤ ለሙሽራ የተሠራ አንድ ጥሩ የወይራ ጌጥ በዚህ ምክንያት እስከ ዛሬ በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ተቀምጧል።

ስለ መጋዙና ስለ ማሳመሪያው

መጋዙ ምላጩ እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለስ ነው። መብራት በሌለበት ቦታ ባለ ቅስት የእጅ መጋዝ ያንኑ ሥራ በዝግታ ይሠራል። የምላጩ ጥርሶች ወደ ታች ይዩ። ለ10 ሚ.ሜ. ጠንካራ እንጨት 5 ቁጥር፣ ለ20 ሚ.ሜ. ከ7 እስከ 9 ቁጥር ምላጭ ይስማማል። እንጨቱን መግፋት የለብዎትም፤ ማዞር ብቻ ነው። ምላጩ ሲደነዝዝ ወይራ ይጠቁራል፤ በንድፉ ላይ የካርቶን ማሸጊያ ፕላስተር መለጠፍ ቃጠሎውን በጣም ይቀንሳል። የሚያልቀው ምላጭ ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ፤ ማኅበራት ዋጋ ሲተምኑ ዘወትር የሚረሱት ይህን ነው።

ከተቆረጠ በኋላ በሻካራ፣ ቀጥሎ በለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ይፋቃል፤ ከዚያም የተልባ ዘይት በስሱ ይቀባል። የተልባ ዘይት በዝግታ ስለሚደርቅ በሁለቱ ቅብ መካከል ጥቂት ቀናት ይቆይ፤ በመጨረሻም በንብ ሰም ይወልወል። ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨማድዶ በጥግ ከተጣለ ክብሪት ሳይነካው በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። በመጋዝ ዱቄት በተሞላ ቤት ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋችሁም። ጨርቁ ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ይነከር፤ ወይም ደጅ ተዘርግቶ ይድረቅ።

ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ስጦታ ቅርፊት የሌለው፣ የነፍሳት ቀዳዳ የማይታይበት ይሁን፤ ተቆጣጣሪዎች መጀመሪያ የሚያዩት እነዚህን ነው። ከመታሸጉም በፊት ተሠርቶ ያለቀው ጌጥ ሁለት ሳምንት በመደርደሪያ ላይ ይቆይ። የሚጎብጥ ከሆነ እዚያው በእጃችሁ ሳለ ይጎብጣል።