ስለ መኪና ክሮቸራ፦ ጥቅሙ፣ የብልሽቱ ምልክትና በግቢ ውስጥ አለዋወጡ

በገጠር አጥቢያ አንድ ተሽከርካሪ የብዙ አገልግሎት መጓጓዣ ነው። የውኃ ቧንቧው፣ ችግኙ፣ ዘሩ፣ አንዳንድ ጊዜም ሕመምተኛው የሚደርሰው በእርሱ ነው። ስለዚህ የመኪናው ጤንነት ለአሽከርካሪው ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ የኮሚቴውም ኃላፊነት ነው።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የፕሮጀክት መኪናችን አሽከርካሪ «ክሮቸራው ድምፅ ጀምሯል፤ ይለወጥ» ሲል በጽሑፍ አመለከተኝ። እኔም ሦስት ፕሮፎርማ ሳይሰበሰብ አይሆንም ብዬ ማመልከቻውን በፋይል አቆየሁት። በሦስተኛው ሳምንት የእጅ ፓምፕ መለዋወጫ ጭነን ስንጓዝ ኃይል አስተላላፊው ዘንግ ከፊት በኩል ተላቅቆ መሬቱን እየመታ ይጎተት ጀመር። በዝግታ እንሄድ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን ዘንጉ ተጣመመ፣ ፓምፑን ይጠብቅ የነበረው መንደርም ለተጨማሪ 12 ቀናት የወንዝ ውኃ ጠጣ። አሽከርካሪው የጠየቀው ዕቃ ዋጋው ከአዲስ ዘንግ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም።

ክሮቸራ ምንድን ነው?

በኋላ ጎማ በሚነዱ መኪኖች ሞተሩና ካምቢዮው ከፊት፣ ዲፈረንሻሉ ከኋላ ነው። ካምቢዮው ከሻሲው ጋር ታስሯል፤ የኋላው ዲፈረንሻል ግን መንገዱ በጎረበጠ ቁጥር ከባሌስትራው ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ሁለቱን የሚያገናኘው ዘንግ እየተሽከረከረ ማዕዘኑን እንዲለዋውጥ የሚያስችለው በጫፎቹ ላይ ያለው ክሮቸራ ነው። ስሙ መስቀል ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ጋር የተዛመደ ሲሆን ቅርጹም እንደ ስሙ ነው። አራት ክንዶች አሉት፤ እያንዳንዱ ክንድ ቆብ ለብሷል፤ በቆቡ ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠኑ የብረት ዘንጎች ተደርድረው በግራሶ ይሽከረከራሉ። ግራሶው ሲያልቅ ወይም ውኃና አቧራ ሲገባ መርፌዎቹ ይዝጋሉ፤ ክንዱንም ይበሉታል።

አንድ ተጨማሪ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ክሮቸራ በማዕዘን ሲሠራ ዙሩን እኩል አያስተላልፍም፤ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገያል። በዘንጉ ሌላ ጫፍ ያለው ሁለተኛው ክሮቸራ ይህን መዛነፍ ያስተካክላል። የሚያስተካክለው ግን በዘንጉ ሁለት ጫፎች ያሉት ሹካዎች በአንድ መስመር ሲገጠሙ ነው። ከመፍታት በፊት ምልክት የሚደረገውም ስለዚህ ነው።

የብልሽቱ ምልክቶች

መኪናው ሲነሣ ወይም ወደ ኋላ ማርሽ ሲቀየር «ቀጭ» የሚል ድምፅ፤ በዝግታ ሲሄድ የወፍ ጩኸት የመሰለ ድምፅ፤ በፍጥነት ሲሄድ ከወለሉ የሚሰማ መንቀጥቀጥ፤ በቆቦቹ ዙሪያ የሚታይ ቀይ የዝገት ብናኝ። ጥርጣሬ ሲኖር ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጎማዎቹን በታኮ አስይዞ፣ ዘንጉን በእጅ ወደ ላይ፣ ወደ ታችና ወደ ጎን ማነቃነቅ ነው። በመስቀሉና በሹካው መካከል ጥቂትም ልቅነት ከታየ ክሮቸራው ያለቀ ነው።

አለዋወጡ

የሚያስፈልጉት ጥንድ ቁልፎች፣ መዶሻ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ሞርሳ፣ አንድ ትንሽና አንድ ትልቅ ቡሶላ፣ የሽቦ ብሩሽ እና የግራሶ ፓምፕ ናቸው። አዲሱን ክሮቸራ አስቀድሞ ከአሮጌው ጋር በልኬት ማመሳከር ይገባል።

1ኛ፦ መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሞ አራቱንም ጎማዎች ከፊትና ከኋላ በታኮ ማስያዝ። ይህ ትእዛዝ ቀላል አይምሰል፤ ዘንጉ ሲወርድ ማርሽ ማስገባት በዚያ ዘንግ በኩል መኪናውን መያዝ ያቆማል። እንደ ቀድሞው ላንድሮቨር ዲፌንደር ባሉት ደግሞ የእጅ ፍሬኑ የሚሠራው በዘንጉ በኩል ስለሆነ እርሱም ይፈታል። መኪናውን ማንሣት የግድ ከሆነ በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ የብረት ድጋፍ ይደረግ።

2ኛ፦ በሁለቱም ጫፎች ዘንጉንና የተገጠመበትን አካል፣ እንዲሁም በዘንጉ መካከል የሚንሸራተተውን ክፍል በቀለም ወይም በመቅጃ ምልክት ማድረግ። ከዚያ ብሎኖቹን ፈትቶ፣ አንድ ሰው ዘንጉን ደግፎ፣ ማውረድ።

3ኛ፦ ሹካውን በሽቦ ብሩሽ አጽድቶ ቆቦቹን የያዙትን የብረት ቀለበቶች በፒንሳ ማውጣት። ትንሹን ቡሶላ በአንዱ ቆብ ላይ፣ ቆቡን የሚውጠውን ትልቁን ቡሶላ በተቃራኒው ወገን አድርጎ በሞርሳ ሲጠበቅ ቆቡ ወደ ትልቁ ቡሶላ ይወጣል። ሌሎቹም እንዲሁ ይወጣሉ። የሹካው ቀዳዳ ከሰፋ ወይም ከተሰነጠቀ አዲስ ክሮቸራ አያድነውም።

4ኛ፦ አዲሱን መስቀል የግራሶ መግቢያው ለፓምፑ በሚመች ወገን አድርጎ በሹካው ውስጥ ማግባት። ቆቦቹን ቀጥ አድርጎ በሞርሳ ቀስ በቀስ መግፋት፤ መስቀሉን በእጅ ወደ ቆቡ ይዞ መቆየት መርፌዎቹ እንዳይወድቁ ይረዳል። ቆቡ ቀለበቱ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ሳያሳይ ከቆመ አንድ መርፌ ወድቆ ተጋድሟል ማለት ነው። በመዶሻ አያስገድዱት፤ አውጥተው መርፌውን ያቁሙት።

5ኛ፦ ቀለበቶቹ ሁሉ በጎድጓዳቸው መቀመጣቸውን ማረጋገጥ። መስቀሉ ቢከብድ ሹካውን በመዶሻ ቀለል አድርጎ መታ መታ ማድረግ ያላላዋል። ከዚያ ግራሶው በአራቱም ቆቦች ጠርዝ ብቅ እስኪል ማስገባት፤ በምልክቱ መሠረት መልሶ መግጠም፤ ብሎኖቹንም በመኪናው መመሪያ በተጻፈው ልክ ማጥበቅ። ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ጥብቀታቸው እንደገና ይታይ።

ሹካው የተጎዳ፣ ዘንጉ የተጣመመ ወይም ሚዛን ማስተካከያ ብረቱ የወደቀ ከሆነ ሥራው የጋራዥ ነው። ክሮቸራን በብየዳ ማጣበቅ ግን በምንም ምክንያት አይፈቀድ፤ መተጣጠፍ ያለበትን ነገር ማድረቅ ዘንጉን መስበር ነው።

ኮሚቴው ምን ያድርግ?

በመኪናው መዝገብ አንድ ገጽ ለግራሶ ይመደብ፤ ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩና የሠራው ሰው ፊርማ ይጻፍበት። የመኪናው መመሪያ ካዘዘው ጊዜ በተጨማሪ ወንዝ ወይም ጭቃ ከተሻገረ በኋላ ግራሶ ይሰጠው። በመኪናው ልክ የሆነ አንድ ክሮቸራ ከነቀለበቶቹ በዕቃ ቤት ይቀመጥ። ከሁሉ በላይ፣ ለአነስተኛ መለዋወጫ አሽከርካሪው ሲያመለክት በዚያው ሳምንት መልስ የሚሰጥበት የግዥ ሥርዓት ኮሚቴው አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ይወስን። ሦስት ፕሮፎርማ የሕዝብን ገንዘብ ለመጠበቅ የተሠራ መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን የገንዘቡን ጥበቃ ብቻ ተመልክቶ መኪናውን፣ ከመኪናውም በላይ የተሳፈረውን ሰው መርሳት ምን እንደሚያስከትል እኔ በመንገድ ዳር ቆሜ ተምሬዋለሁ። እናንተ ከመዝገባችሁ ተማሩት።