የሴቶች እኩልነት፦ ከይዞታ ደብተሩ እስከ ማሳው

በገጠራችን «ገበሬ» ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ሞፈር ቀንበር የተሸከመ ወንድ ነው። ይሁን እንጂ አረሙን ስትነቅል፣ አዝመራውን ስትሰበስብ፣ እህሉን ከአውድማ እስከ ገበያ ስታደርስ የምትውለው ሴት ከምርቱ ሂደት ውጭ የቆመችበት ዘመን የለም። ዕርፍ ስላልጨበጠች ብቻ የአራሽነት ስም መነፈጓ የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የቆየ የሥራ ክፍፍል የወለደው አመለካከት መሆኑን ልንገነዘብ ይገባል።

አመለካከቱም ሕጉን ሲቀድም ታይቷል። እንደሚታወቀው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ፣ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ በጾታ ሳይለይ መሬት እንዲሰጥ ደንግጎ ነበር። ነገር ግን የገበሬ ማኅበራት በአብዛኛው የመዘገቡት የቤተሰብ ኃላፊውን ስለ ነበር፣ ባለትዳሯ መሬት የደረሳት በባሏ በኩል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ባልን የቤተሰቡ አለቃ ያደርግ ነበርና፣ ይህ ድንጋጌ በ1992 ዓ.ም. በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ እስኪለወጥ ድረስ ትዳሯ የፈረሰባት ሴት በምን ኃይል ማሳዋን ልታስከብር ትችል ነበር?

በ1990ዎቹ የተጀመረው የይዞታ ምዝገባ አንድ እርምጃ ነው። በትግራይ መጀመሪያ የታደለው ደብተር በቤተሰብ ኃላፊ ስም ብቻ ሲሆን፣ በአማራ ክልል ግን የባልና የሚስት ስም ከነፎቶግራፋቸው ጎን ለጎን ሰፈረ። ፎቶግራፍ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ፊደል ላልቆጠረች ሴት ግን መብቷን በዓይኗ የምታይበት ገጽ ነው።

ዳሩ ግን ደብተር አያርስም። ባሏ የሞተባት ወይም የፈታች ሴት ጥማድ በሬ ከሌላት፣ ቢኖራትም ሴት ማረሷን አካባቢው ነውር ካደረገው፣ ማሳዋን ለእኩል አራሽ ትሰጣለች። አራሹም የራሱን ሳይጨርስ ወደ እርሷ ማሳ አይዘልቅም፤ የዘር ወቅት ያልፋል፤ ከሳሳው ምርት ላይ ደግሞ ግማሹን ይዞ ይሄዳል። የግብርና ባለሙያውም ደጃፏ ደርሶ «አባወራው የሉም?» ብሎ ከተመለሰ፣ ምርጥ ዘሩና ምክሩ የት ያገኛታል?

ስለዚህ የበሬ መግዣ ብድር በቅድሚያ ለእነዚህ ሴቶች ይድረስ እንላለን። የእኩል እርሻው ስምምነትም በሽማግሌ ፊት በቃል መቅረቱ ቀርቶ፣ የሚታረስበትና የሚዘራበት ቀን ተጠቅሶ በቀበሌው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ፤ አራሹ ሲዘገይ ባለመሬቷ ውሉን ይዛ ትጠይቀዋለች።