ከሬዲዮው ጋር ያልተስማማ አንቴና

ከአዳማ ተነስቶ በደራ፣ በኢቴያና በቁሉምሳ አልፎ አሰላ የሚገባ መኪና ከ1,700 ሜትር ገደማ ወደ 2,400 ሜትር አካባቢ ይወጣል። ከአሰላ ወደ በቆጂ የሚወስደው መንገድ በጭላሎ ግርጌ ያልፋል፤ ከበቆጂ ባሻገር ደግሞ ካካ አለ። ሁለቱም ተራሮች ከ4,000 ሜትር በላይ ናቸው። በእንዲህ ያለ አገር ተከታትለው የሚጓዙ ሁለት መኪኖች በሬዲዮ ሊነጋገሩ ሲያስቡ የሚጨነቁት ለሬዲዮው ጉልበት ነው። አንቴናውን ግን ከተገኘበት አምጥተው ለጊዜው ይገጥሙታል። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል።

ሲቢ የሚባለው የመኪና መነጋገሪያ በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል። በአሜሪካ 40 ቻናሎችና በተለመደው ኤኤም 4 ዋት ጉልበት ተፈቅደውለታል፤ እዚያ ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን 19ኛውን ቻናል ያውቁታል። በእኛ አገር ይበልጥ የሚታየው በእርዳታ ድርጅቶች ላንድክሩዘር ላይ የሚቆመው ረጅም የኤችኤፍ (የአጭር ሞገድ ሬዲዮ) አንቴና ነው። የሬዲዮው ዓይነት ቢለያይም የአንቴናው ሕግ አንድ ነው።

የመሰንቆ ክር ድምፁ በርዝመቱ እንደሚወሰን ሁሉ አንቴናም የሚስማማው ሞገድ በርዝመቱ ይወሰናል። የ27 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመት 11 ሜትር ያህል ነው። አንቴናው የዚህ ሩብ ይሁን ከተባለ 2.75 ሜትር ይሆናል፤ ለመኪና ስለሚረዝም ብዙዎቹ ጥቅል ሽቦ ተጨምሮላቸው ያጥራሉ። ለኤፍኤም የሚበቃው ግን 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኤፍኤሙን ዘንግ ከሲቢ ሬዲዮ ጋር ያገናኘ ሰው ሌሎች ሲያወሩ ሊሰማ ይችላል። ይህ ነው የሚያታልለው። መቀበል ብዙ ጉድለት ይችላል፤ መላክ ግን አይችልም። ማውሪያው ሲጫን ከአንቴናው መውጣት የነበረበት ጉልበት አብዛኛው ወደ ሬዲዮው ይመለሳል፤ የመጨረሻው ትራንዚስተርም ሊቃጠል ይችላል።

የሚመለሰው መጠን ኤስ ደብሊው አር በሚባል መለኪያ ይታያል። መለኪያው 1.5 ቢያሳይ የሚመለሰው 4 በመቶ ብቻ ነው፤ 2 ከሆነ 11 በመቶ፣ 3 ከሆነ 25 በመቶ ይሆናል። 3 ከደረሰ ባያወሩ ይሻላል። ስለዚህ ባለ 50 ኦም ገመድ ጠፍቶ ባለ 75 ኦሙን የዲሽ ገመድ ለጊዜው የተጠቀመ ሰው፣ ልዩነቱ 1.5 እጥፍ ብቻ ስለሆነ፣ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ዘንጉ ካልተስማማ ነው። ከኤችኤፍ መኪና ላይ ዘንጉን ብቻ ነቅሎ ለሌላ ሬዲዮ መግጠምም አያዋጣም፤ ብዙ ጊዜ የሚያስማማው ዘንጉ ሳይሆን ከሥሩ ያለው ሳጥን ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ ከአንቴናው ሥር ያለው ብረት ነው። የመኪናው ቦዲ የአንቴናው ሌላኛው ግማሽ ሆኖ ይሠራል። በብረት ጣሪያ መሃል የተቀመጠ አንቴና በሁሉም አቅጣጫ ይሠራል፤ ከፖርቶመጋላው ጠርዝ ወይም ከፊት መከላከያው ላይ የታሰረ ግን በአንድ ወገን ይደክማል። በማግኔት የሚቀመጥ አንቴና በፕላስቲክ ወይም በሸራ ላይ አይይዝም፤ በገመድ ቢታሰርም ከሥሩ ብረት የለውም።

ሲቢን ለማስተካከል መኪናውን ከሕንፃና ከዛፍ አርቆ፣ በሮቹን ዘግቶ በ1ኛውና በ40ኛው ቻናል መለካት ነው። ቁጥሩ በ1ኛው የበለጠ ከሆነ አንቴናው አጥሯል፤ በ40ኛው ከበለጠ ረዝሟል። ዝቅተኛ ቁጥር ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጉልበቱን በመንገድ የሚያባክን መጥፎ ገመድም ቁጥሩን ያሳምረዋል። ስለዚህ ራቅ ካለ መኪና ጋር ተነጋግሮ ማየት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ከመደረጉ በፊት ግን ፈቃድ ሊኖር ይገባል፤ በአገራችን የሬዲዮ ሞገድን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

የተስማማ አንቴናም ቢሆን ጭላሎን ሰንጥቆ አያልፍም። ኤችኤፍ ያላቸው መኪኖች ለዚህ መላ አላቸው፤ ቆመው ረጅሙን ዘንግ ወደ ኋላ ጎንበስ አድርገው ያስሩትና በዝቅተኛ ሞገድ ወደ ሰማይ ይልካሉ፤ ሞገዱም ከላይ ተመልሶ ከተራራው ማዶ ይወርዳል። በ27 ሜጋኸርዝ ይህ አስተማማኝ አይደለም። እዚያ ያለው አማራጭ ተራራው በመካከል ከመግባቱ በፊት መነጋገርና ቀጣዩን መገናኛ ቦታ መቀጣጠር ነው።